ንብ ክንፍ አላት፤ ላባ የላትም፦ በተማሩት ፊደል የሚነበቡ የዕውቀት መጻሕፍትና የሕፃናት ንባብ

አንድ ሕፃን ማንበብ ቻለ የሚባለው በወረቀት ላይ የሰፈሩትን ምልክቶች ወደ ድምፅ ለውጦ፣ ድምፁን ከሚያውቀው ቃል ጋር አገናኝቶ፣ ከቃሉም አልፎ ዐረፍተ ነገሩ ስለ ምን እንደሚናገር ሲገባው ነው። ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 ባሳተሙት ጥናት (በዚህ ዲስኩር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ንባብን የሁለት ችሎታዎች ብዜት አድርገው ገልጸውታል፤ አንደኛው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የመመለስ ችሎታ ሲሆን ሁለተኛው በጆሮ የሚሰማን ንግግር የመረዳት ችሎታ ነው። ተመራማሪዎቹ ድምር ሳይሆን ብዜት ማለታቸው በምክንያት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ባዶ ይሆናልና። ፊደሉን ሁሉ አጥርቶ እየጠራ የሚያነበው የማይገባው ልጅም፣ ሲነገረው ሁሉን እየተረዳ ፊደሉ የማይታወቀው ልጅም በእኩል ደረጃ ንባብ የላቸውም።

ይህ ዲስኩር የሚመለከተው ሁለቱን ችሎታዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው እንዲያድጉ ለማድረግ የታሰበ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ነገሩን ለመረዳት ሦስት ስያሜዎችን መፍታት ይገባል። ፎኒክስ የሚባለው የማስተማር ስልት ሕፃናት እያንዳንዱ ፊደል ወይም የፊደላት ጥምረት የትኛውን ድምፅ እንደሚወክል በግልጽና በቅደም ተከተል ተምረው፣ ድምፆቹን በማያያዝ ቃሉን ራሳቸው እንዲደርሱበት የሚያደርግ ነው። በተማሩት ፊደል የሚነበብ መጽሐፍ ደግሞ ልጁ እስከዚያ ዕለት ከተማራቸው ፊደላትና ድምፆች ውጭ ምንም ወይም ከጥቂት ቃላት በስተቀር ሌላ የማይገባበት፣ በመገመት ሳይሆን በማንበብ ብቻ ሊጨረስ የሚችል መጽሐፍ ነው። ኢ-ልቦለድ የሚለው ስም ከታሪክና ከተረት ይልቅ ስለ እውነተኛው ዓለም፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ዕፀዋት፣ ስለ ውሃና ስለ አፈር፣ ሰው ስለሚሠራቸው ነገሮች የሚናገረውን ጽሑፍ ይሸፍናል። ሦስቱ ሲገናኙ ትንሽ የሚመስል፣ አዘጋጁን ግን እጅግ የሚፈትን ጥያቄ ይነሣል፦ ልጁ የሚያውቃቸው ፊደላት አሥርና አሥራ አምስት ብቻ በሆኑበት ጊዜ ስለ ዓለም ምን እውነት ሊነገረው ይችላል?

የስልቱ ክርክር በስፋት የተካሄደው በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ነው። ለዚህም ምክንያቱ የቋንቋው አጻጻፍ ራሱ ነው፤ እንግሊዝኛ 44 ያህል ንጥል ድምፆችን በ26 ፊደላት ለመጻፍ ስለሚሞክር አንዱ ድምፅ በብዙ መንገድ ይጻፋል፣ አንዱ ፊደልም በብዙ መንገድ ይነበባል። ሃያኛው መቶ ዓመት እስከ አጋማሹና ከዚያም ወዲህ ልጆች ቃላትን እንደ ሥዕል በዓይን ይያዙ ወይስ ድምፅ በድምፅ ያንብቡ በሚለው ጥያቄ ሲከራከር ቆይቶ፣ ዣን ቾል በ1967 ባሳተመችው ሰፊ ጥናት የድምፅና የፊደልን ዝምድና አስቀድሞ ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አሳየች። በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ያቀረበው ዘገባና በ2006 በእንግሊዝ አገር በጂም ሮዝ የተመራው ግምገማ ወደዚያው ድምዳሜ ደረሱ። እንግሊዝ ከ2012 ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን በ40 ቃላት ትፈትናለች፤ ከእነዚህም 20ዎቹ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት ናቸው። ትርጉም አልባ ቃል በፈተና መግባቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ይሁን እንጂ ፈጽሞ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል በትክክል የሚያነብ ልጅ ፊደሉን በእርግጥ እንደሚያውቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ፊሊፕ ሲሞርና ባልደረቦቹ በ2003 ያሳተሙት የ13 የአውሮፓ ቋንቋዎች ንጽጽር የእንግሊዝኛን ሸክም በግልጽ ያሳያል። በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት መጨረሻ የፊንላንድ፣ የግሪክ፣ የጣሊያንና የስፔን ልጆች የሚያውቋቸውን ቃላት ከ90 በመቶ በላይ በትክክል ሲያነቡ፣ በስኮትላንድ በእንግሊዝኛ የሚማሩት ልጆች በትክክል ያነበቡት 34 በመቶውን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ዳገት ላለበት አጻጻፍ መጻሕፍትን በደረጃ መከፋፈል ግዴታ ይሆናል። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በብዛት በሚሠራበት ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚቀርቡት ስድስቱ ፊደላት ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ፒ፣ አይ እና ኤን ናቸው። በእነዚህ ስድስት ፊደላት የተጻፉ አብዛኞቹ መጻሕፍት አንድ ሰው ተቀመጠ፣ አንድ ነገር በትንሹ ተመታ የሚሉ፣ ልጁ ጨርሶ ሲዘጋቸው ምንም አዲስ ነገር ይዞ የማይነሣባቸው ናቸው። ነገር ግን በእነዚያው ስድስት ፊደላት «አን አንት ሲፕስ ሳፕ» ተብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ጉንዳን ከተክል የሚወጣውን ፈሳሽ ይመጥጣል ማለት ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ከሌሎቹ በአንድ ፊደል እንኳ አይከብድም፤ ሆኖም ልጁ ካነበበው በኋላ ስለ ጉንዳን አንድ እውነት ያውቃል፤ በማግስቱም የዛፍ ግንድ አጠገብ ቆሞ ሊያረጋግጠው ይችላል። የጉዳዩ ሁሉ ማዕከል በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ይህ ልዩነት ነው።

ልጆች ታሪክ ይወዳሉ የሚለው እውነት፣ ልጆች ታሪክ ብቻ ይወዳሉ ወደሚል ልማድ ተለውጦ በብዙ አገሮች የመጀመሪያ ክፍሎችን ይገዛል። ኔል ዱክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2000 ባሳተመችው ጥናት በቦስተን አካባቢ የሚገኙ 20 የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎችን ተከታትላ፣ ልጆቹ ከዕውቀት ጽሑፎች ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ በአማካይ በቀን 3.6 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አግኝታዋለች፤ በድሃ ሰፈሮች ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነበር። ሦስት ደቂቃ ተኩል ለአንድ ገጽ እንኳ በቅጡ አይበቃም። ጉድለቱ የሚታወቀው ግን ያኔውኑ ሳይሆን ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ፣ ልጁ የሳይንስና የኅብረተሰብ መማሪያ መጽሐፍ ፊቱ ሲቀርብለት፣ ቃላቱን ሁሉ እየጠራ ምንም ሳይገባው ሲቀር ነው። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ በ1988 ባሳተሙት ጥናት የቤዝቦል ጨዋታን የሚተርክ ጽሑፍ ለ64 ተማሪዎች ሰጥተው ነበር፤ በንባብ ፈተና ደካማ የተባሉ፣ ጨዋታውን ግን የሚያውቁ ተማሪዎች፣ ጎበዝ አንባቢ ከተባሉት ጨዋታውን ከማያውቁት የበለጠ ጽሑፉን ተረድተውና አስታውሰው ተገኙ። ዕውቀት የንባብ ውጤት ብቻ ሳይሆን ለቀጣዩ ንባብ መሠረት መሆኑን ከዚህ በላይ በአጭሩ ያሳየ ጥናት ጥቂት ነው።

በተማሩት ፊደል የሚነበቡ መጻሕፍት ነቃፊዎች ሁለት ነገር ይላሉ። የመጀመሪያው መጻሕፍቱ ደረቅና የተገደዱ ናቸው የሚል ሲሆን፣ ብዙዎቹን በተመለከተ ነቀፋው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን መጻሕፍቱን መተው ሳይሆን የሚነገር ነገር ያለው ሰው እንዲጽፋቸው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ማስረጃውን የሚመለከት በመሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮኒ ጁልና ዳያን ሮፐር ሽናይደር በ1985 ያሳተሙት ጥናት፣ ተመሳሳይ የፎኒክስ ትምህርት ከሚሰጣቸው ልጆች መካከል በተማሩት ፊደል የሚነበብ መጽሐፍ የያዙት፣ አዲስ ቃል ሲገጥማቸው ፊደሉን ይበልጥ እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል። በሌላ በኩል ጆሴፍ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በ2004 ባቀረቡት ጥናት ተጨማሪ ድጋፍ የሚሰጣቸውን የአንደኛ ክፍል ልጆች ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን በተማሩት ፊደል ይበልጥ የሚነበቡ፣ ለሌላው ያን ያህል የማይነበቡ መጻሕፍት ሰጥተው በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኙም። ሁለቱ ጥናቶች አብረው ሲነበቡ የሚሉት፣ ዋናው ነገር የፊደሉ ትምህርት ራሱ እንደሆነ፣ መጽሐፉ ደግሞ ትምህርቱ በተግባር የሚውልበት ስፍራ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህም መጽሐፉ ብቻውን ተአምር ይሠራል ብሎ የሚሸጥ አታሚ ካለ ከማስረጃው በላይ ተናግሯል።

ስፍራነቱ ግን ቀላል አይደለም። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሼር በ1995 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ልጅ አንድን አዲስ ቃል በራሱ ጥረት ፊደል በፊደል ባነበበ ቁጥር የቃሉን አጻጻፍ ለራሱ ያስተምራል፤ ከጥቂት ድግግሞሽም በኋላ ያን ቃል ሳይደክም በአንድ እይታ ያውቀዋል። መምህር አንድ ሺህ ቃላት ሊያስጠና አይችልም፤ ልጁ ግን እያነበበ አንድ ሺህ ቃላት ለራሱ ሊያስተምር ይችላል። ይህ የሚሆነው ቃሉን በእርግጥ ካነበበው ብቻ ስለሆነ፣ የዕውቀት መጻሕፍት የሚወድቁበት ወጥመድ እዚህ ላይ መነገር አለበት። የእንስሳት ፎቶግራፍ በየገጹ ታትሞ ከሥሩ «ይህ አንበሳ ነው»፣ «ይህ ዝሆን ነው»፣ «ይህ ጉማሬ ነው» እየተባለ የሚቀጥል መጽሐፍ የዕውቀት መጽሐፍ ይመስላል፤ ልጁ ግን ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ አንድም ፊደል ሳያይ ሥዕሉን እየተመለከተ እስከ ፍጻሜው «ያነበዋል»። ወላጅም ደስ ይለዋል፤ ልጁ ግን አንዲት ፊደል አላነበበም። ከዚህ የሚያድነው መፍትሔ ጽሑፉ ሥዕሉ የማያሳየውን እንዲናገር ማድረግ ነው። ንብ አበባ ላይ አርፋ በምትታይበት ፎቶግራፍ ሥር «ሠራተኛ ንብ ሴት ናት» የሚል ቢጻፍ ይህን ከሥዕሉ ሊገምት የሚችል ልጅ የለም፤ ማወቅ የሚችለው ካነበበ ብቻ ነው።

እስከዚህ የተባለው በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተገኘ በመሆኑ ወደ አማርኛ እንዳለ ሊሻገር አይገባውም። ሼር ራሱ በ2008 ባሳተመው ጽሑፍ የዓለም የንባብ ምርምር ከሌሎች ሁሉ የተለየ ባሕርይ ባለው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ላይ ከመጠን በላይ መደገፉን አጥብቆ ተችቷል። የአማርኛ ፊደል በመሠረቱ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድነት የያዘ፣ ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም የሚወክል ምልክት ነው። ልጁ «ላ» እና «ባ» ካወቀ ድምፅ ከድምፅ ለማያያዝ የእንግሊዝኛው ልጅ የሚያየውን ድካም ሳያይ «ላባ» ይላል። በዚህ ፈንታ ሸክሙ በብዛት ላይ ይወድቃል፤ በተለመደው ገበታ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ጥቂት ፊደል ይሰጥና በአነባበቡ ያስቸግራል፤ አማርኛ በአነባበቡ ታማኝ ሆኖ በፊደሉ ብዛት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የአማርኛው ጥያቄ «ልጁ ይህን ቃል እንዴት ሊያነበው ይችላል?» ከሚለው ይልቅ «ከ231ዱ የትኞቹ ይቅደሙ?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ሲቆጥር ሀሁን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ካወረደ በኋላ አቡጊዳ የሚባለውን ሌላ ድርድር ይቀጥላል፤ በዚህም የፊደላቱ ቤትና ቅደም ተከተል ተለዋውጦ «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ በሰያፍ ይወርዳል። ልጁ ገበታውን በቃሉ ይዞ ፊደሉን ሳያይ ሊዘምረው ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ሲሰበር ግን ዓይኑ ወደ መልኩ ይመለሳል። ዛሬ የንባብ ሊቃውንት የሚጨነቁበትን፣ ልጅ ሳያነብ ያነበበ የሚመስልበትን ችግር፣ የጥንት መምህራን ቀድመው አይተውት ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ ልጁ የሚገባበት ፊደለ ሐዋርያ የተባለው የዮሐንስ መልእክት ንባብ በግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ደግሞ ልጁ በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ስለሆነ በዚህ ደረጃ የሚሠለጥነው ፊደልን ወደ ድምፅ የመመለሱ ችሎታ ብቻ ነው፤ ትርጓሜው ለሚቀጥል ሁሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ይመጣል። ሥርዓቱ ለራሱ ዓላማ የተሟላ ነበር። የዘመናዊው አንደኛ ክፍል ዓላማ ግን ሌላ በመሆኑ፣ የሚያነበው ልጅ በዚያው ዕለት እንዲገባው ስለሚፈለግ፣ ድምፁና ትርጉሙ የሚለያዩበትን ዘመን ማሳጠር ያስፈልገዋል።

የፊደል ቅደም ተከተል ልጁ ስለ ዓለም አስቀድሞ የሚያውቀውን ይወስናል ቢባል የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ የአማርኛን ሰዋስው ከፊደሉ ጋር አብሮ የመረመረ ግን ነገሩን በቀላሉ ያየዋል። ትምህርቱ በግዕዙ ቤት፣ ማለትም በገበታው የመጀመሪያ ረድፍ ቁልቁል ቢጀምር፣ በእነዚያ ፊደላት ብቻ ሊጻፉ የሚችሉት ቃላት በአብዛኛው ያለፈ ድርጊትን የሚናገሩ ግሦች ናቸው፦ ወረደ፣ ደረሰ፣ ሰበረ፣ ነገረ፣ ተመለሰ። ከእነርሱም ጋር ከበደና አበበ የመሰሉ የሰው ስሞች ይገኛሉ። ስለዚህ ልጁ የሚያነበው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ከበደ ወረደ» ከመሰለ ትረካ ሊያልፍ አይችልም። ትውልዶች ከአንደኛ ክፍል ይዘውት የወጡት «አበበ በሶ በላ» የሚለው ዐረፍተ ነገርም አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለፈን ድርጊት ነው የሚተርከው። የዕውቀት ጽሑፍ ግን በኃላፊ ጊዜ አይናገርም። ስለ ንብ የሚናገር ጽሑፍ ትላንት አንዲት ንብ ምን እንዳደረገች ሳይሆን ንቦች ሁሉ ሁልጊዜ ምን እንደሚያደርጉ፣ ምን እንዳላቸውና ምን እንደሆኑ ይናገራልና «ነው»፣ «ናት»፣ «አለው»፣ «አላት»፣ «ይበላል»፣ «ትበራለች» የሚሉትን ይፈልጋል። እነዚህን ለመጻፍ ከግዕዙ ቤት ይልቅ ራብዑና ሳድሱ (አራተኛውና ስድስተኛው ቤት)፣ በተለይም «ላ»፣ «ል»፣ «ና»፣ «ት»፣ «ው» እና «ይ» ያስፈልጋሉ። በዚህ የተነሣ መምህሩ ረድፉን ሲመርጥ፣ ይህን ማድረጉ ሳይታወቀው፣ ልጁ አስቀድሞ ተረት እንዲያነብ ወይስ እውነትን እንዲያነብ ወስኖለታል።

ይህን በተግባር ለማየት አሥራ አምስት ፊደላትን ብቻ መውሰድ ይበቃል፦ ን፣ ብ፣ ማ፣ ር፣ አ፣ በ፣ ባ፣ ላ፣ ት፣ ይ፣ ና፣ የ፣ ም፣ ክ እና ፍ። እነዚህ የሚያስገኟቸው ቃላት ንብ፣ ማር፣ አበባ፣ ላይ፣ ናት፣ አላት፣ የላትም፣ ክንፍ፣ ላባ፣ ላም፣ ላብ፣ በር፣ አባት እና ሌሎችም ናቸው። በእነርሱም «ንብ አበባ ላይ ናት»፣ «ንብ ማር አላት»፣ «ንብ ክንፍ አላት፤ ላባ የላትም» ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ የሚበር ሁሉ ላባ ያለው ሊመስለው ይችላል፤ ይህን ግምቱን አምስት ቃላት ብቻ ባሉት፣ ያለማንም እገዛ በራሱ ባነበበው ዐረፍተ ነገር ሲያርመው፣ ከፊደሉ ጋር እንስሳትን በመለያቸው የመመደብን የመጀመሪያ እርምጃ ተራምዷል። በአንጻሩ ልጁ ፊደሉን ሀሁ ብሎ በተለመደው ተራ እየተማረ ቢሄድ፣ «ንብ» የሚለውን ቃል ለማንበብ 97ኛው ፊደል እስኪደርስ፣ «ክንፍ» የሚለውን ለማንበብ ደግሞ 223ኛው እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። የገበታው ተራ ለማስታወስና መዝገበ ቃላት ለመፈለግ የከበረ ነው፤ ለመጀመሪያ ንባብ ግን የተሠራ አይደለም።

የአማርኛ ፊደል በአነባበቡ ታማኝ ነው ቢባልም ሦስት ቦታ ላይ ልጁን ያስቸግራል፤ ለልጆች የሚጽፍ ሰውም እነዚህን ሳያውቅ ብዕር ማንሣት የለበትም። አንዱ ሳድሱ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ በአጭር አናባቢ፣ አንዳንድ ጊዜ ያለ አናባቢ ይነበባል፤ «ንብ» ውስጥ «ን» አናባቢ አላት፣ «ክንፍ» ውስጥ ግን ያችው «ን» የላትም። መምህሩ ሳድስን ነጥሎ ሲያስጠራ ሁልጊዜ በአናባቢ ስለሚያስጠራ ልጁ «ክንፍ»ን በሦስት ቀለም ሰባብሮ ያነብና ቃሉን ሳያውቀው ይቀራል። ስለዚህ ሳድስ የበዛባቸው እንደ ትምህርትና ምድር ያሉ ቃላት ቆየት ብለው መምጣት፣ መጀመሪያ የሚገቡትም በልጁ አፍ የታወቁ ቃላት መሆን አለባቸው፤ ልጁ ሰባብሮ ባነበበው ጊዜ ጆሮው የሚያውቀውን ቃል ሰምቶ ራሱን ያርማልና።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። አጻጻፉ አያሳየውም፤ «ዋና» ላልቶ ከተነበበ በውሃ ላይ የሚደረገው፣ ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ ተቀዳሚው ነው። በዚህ ረገድ የዕውቀት ጽሑፍ ለጀማሪ አንባቢ ሳይታሰብ ይረዳል። «አለ» እና «አላት» የሚሉት ቃላት በተረት ውስጥ ላልተው «ተናገረ»፣ «ነገራት» ማለት ሊሆኑ፣ ጠብቀውም መኖርን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ ልጁ በየመስመሩ መምረጥ ይገደዳል፤ ስለ ንብና ስለ ላም በሚናገር ጽሑፍ ግን «አላት» ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጠብቆ ይነበባል፣ ትርጉሙም አንድ ነው። ሦስተኛው ችግር፣ በመልክ ተለያይተው አንድ ድምፅ ያላቸው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ፣ ብዙ ክርክር ቢያስነሣም ለጀማሪ ልጅ መፍትሔው አጭር ነው፦ አንድ ተከታታይ መጽሐፍ አንዱን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ሞክሼ በራሱ ቀን እስኪመጣ ድረስም አይግባ።

የ1994ቱ የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ በኋላ፣ በ2010 በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች ብዙዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ አሳየ። ከዚያ በኋላ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ የድምፅና የፊደል ዝምድናም ትኩረት አገኘ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ነው፤ ልጁ አንድን ፊደል ከተማረ በኋላ በራሱ የሚያነበው ትንሽ መጽሐፍ ግን ብዙ መሆን አለበት። ተማሪ በበዛበት ክፍል መምህሩ አንድ መስመር አንብቦ ክፍሉ በኅብረት ሲመልስ የማያነበው ልጅ ድምፅ በሚያነቡት ድምፅ ውስጥ ይሰወራል፤ ዓመቱንም ሙሉ ተሰውሮ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ነጠላ ወረቀት ታጥፎ ስምንት ገጽ የሚሆን መጽሐፍ በየልጁ እጅ ቢገባ ግን እያንዳንዱ ልጅ ተራ በተራ ለብቻው ማንበቡ ወይም አለማንበቡ በግልጽ ይታያል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም ለሚያድጉ የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ደግሞ ጥቅሙ ሌላ መልክ አለው፤ እነርሱ በትምህርት ቤታቸው ቋንቋ ማንበብ ስለሚያውቁ ፊደል ድምፅን እንደሚወክል አዲስ አይሆንባቸውም፤ የሚያሰለቻቸው በዕድሜያቸው ለማይመጥን ጽሑፍ መታሠር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአሥራ አምስት ፊደላት ስለ እንስሳት አካል ማንበብን እንደ ሕፃን ጨዋታ አይቆጥረውም።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መጻፍ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ልጁ የትኛውን ፊደል መቼ እንደሚያውቅ የሚያውቅ መምህርና ስለ ጉዳዩ በእርግጥ የሚያውቅ ባለሙያ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው፤ ፊደሉ እንዲመች ተብሎ እውነቱ ሲጣመም ይታያልና። «ንብ ላባ አላት» በፊደል ረገድ «ንብ ላባ የላትም» ከሚለው ይቀልላል፤ ሐሰት ስለሆነ ግን በምንም ሁኔታ ሊታተም አይገባውም። በአሥራ አምስት ፊደላት ሊጻፍ የማይችለውን ነገር በተመለከተ ደግሞ በሌሎች አገሮች የተሞከረ ጥሩ ዘዴ አለ፤ በገጹ ላይ ልጁ የሚያነበው መስመር በትልቅ ፊደል ይታተምና ከሥሩ መምህሩ ወይም ወላጅ የሚያነብለት ማብራሪያ በትንሹ ይሰፍራል። ልጁ «ንብ ክንፍ አላት፤ ላባ የላትም» ብሎ ሲጨርስ ትልቁ ሰው ንብ አራት ስስ ክንፎች እንዳሏት፣ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ላባ ያላቸው አእዋፍ ብቻ እንደሆኑ ያነብለታል። በዚህ መንገድ የልጁ ፊደል በራሱ ፍጥነት፣ የልጁ ዕውቀት ደግሞ በጆሮው ፍጥነት ያድጋል፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ አይዘገይም።

ቀጣዩ መጽሐፍ የሚጨምረው አንድ ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል። «ወ» ስትጨመር «ወፍ» ይገኛልና ልጁ «ወፍ ክንፍ አላት፤ ላባ አላት» ብሎ ያነብና ካለፈው መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። ከእርሱ በኋላ «ሌ» እና «ሊ» ሲመጡ ፊደላቱ አሥራ ስምንት ይሆናሉ፤ በእነርሱም «የሌሊት ወፍ ክንፍ አላት፤ ላባ የላትም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። ልጁ ከዚህ ሲደርስ መጠየቁ አይቀርም፤ ንብ አይደለችም፣ እንደ ወፍም ላባ የላትም፤ ታዲያ ምንድን ናት? መምህሩ ከሥር በትንሹ የታተመውን ያነብለታል፦ የሌሊት ወፍ ልጇን ጡት የምታጠባ እንስሳ ናት፤ ክንፏም በረጃጅም ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው።